ከፀሐይ ወደ ኋላ መቁጠር፦ በጸደይ መባቻ በሊትል ኮተንውድ ሸለቆ ለሚደረግ የተራራ ጉዞ የጊዜ ዕቅድ

አኅጽሮተ ጥናት

በጸደይ መባቻ በበረዶ በተሸፈነ ሸለቆ ሽቅብ የሚደረግ የተራራ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚታቀደው ከመነሻው ወደ መድረሻው ነው። ተጓዡ የሚነሣበትን ሰዓት ይወስናል፤ ከዚያ የእግሩን ፍጥነት አስልቶ ጫፍ ላይ የሚደርስበትን ጊዜ ይተምናል። ይህ ጽሑፍ ዕቅዱ በተቃራኒው አቅጣጫ መሠራት እንዳለበት ይከራከራል። የመከራከሪያው መነሻ በአሜሪካ ዩታ ግዛት በዋሳች ተራሮች የሚገኘው የሊትል ኮተንውድ ሸለቆና ከሸለቆው በስተ ደቡብ የቆመው የፋይፈርሆርን ጫፍ ነው። በጸደይ እኩሌታ ቀን ፀሐይ በሦስት ልዩ ልዩ ተዳፋቶች ላይ የምታሳርፈው ቀጥተኛ ጨረር ተሰልቶ ከጉዞው የጊዜ ስሌት ጋር ተነጻጽሯል። ውጤቱ እንደሚያሳየው፣ በመንገዱ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ወደ ምሥራቅ የሚያይ ተዳፋት ቀድሞ የሚሞቀው ነው። ስለዚህ የመነሻው ሰዓት መወሰን ያለበት ተጓዡ ከዚህ ተዳፋት መውረድ ካለበት ሰዓት ወደ ኋላ በመቁጠር ነው።

1. መግቢያ

የጸደይ መባቻ ለተራራ ተጓዥ ሁለት ወቅቶች የሚገናኙበት ጊዜ ነው። ሌሊቱ ገና የብርድ ወራት ጠባይ አለው፤ ቀትሩ ግን የበጋን ሙቀት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት በአንድ ቀን ውስጥ፣ በአንድ ተዳፋት ላይ፣ በረዶው ማለዳ እንደ አስፋልት ጠጥሮ እግር ይሸከማል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደግሞ ከስሩ ውሃ እያቋጠረ ይላላል። ማለዳ በሰላም የታለፈ ቦታ እኩለ ቀን ላይ ሲመለሱበት ያው ቦታ አይደለም።

ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ነው። በበረዶ ናዳ ተቀብሮ እስከ 10 ወይም 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የወጣ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል፣ ዋናው ምክንያትም መታፈን ነው። ከከተማ የሚነሣ የነፍስ አድን ቡድን በዚህ ጊዜ ውስጥ መድረስ ስለማይችል የተቀበረውን ሰው የሚያወጡት አብረውት ያሉት ናቸው። ከማዳን ሥራ ይልቅ ዕቅድ የሚበልጠው ለዚህ ነው፤ ዋናው ጥያቄ ናዳው ሲወርድ ተጓዡ በዚያ ቦታ እንዳይገኝ ማድረግ ነው።

2. ስለ ቃላት አጠቃቀም

በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ጠጠር ሆኖ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ ውሃ ረግቶ የሚሆነውን ድንጋይ መሰል አካልም ይጠራል። ለዕለት ኑሮ ይህ አይቸግርም። ስለ አደጋ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ ግን የሦስቱ መደባለቅ ያሳስታል። በዚህ ጽሑፍ «በረዶ» ሲባል ረግፎ የተከመረው ነው፤ ውሃ ረግቶ የሆነው «ግግር» ይባላል፤ ጠጠሩ እዚህ አይነሣም።

«የበረዶ ናዳ» ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «የንጣፍ ናዳ» ሲሆን፣ እርስ በርሱ የተያያዘ የበረዶ ንጣፍ ከስሩ ካለው ደካማ ሽፋን ላይ ተሰንጥቆ በአንድነት የሚንሸራተትበት ነው። ሁለተኛው «የልቅ በረዶ ናዳ» ሲሆን፣ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እየሰፋ የሚወርድ ነው። ሁለቱም ደረቅ ወይም እርጥብ ሊሆኑ ይችላሉ። «ክረምት» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ የዝናብ ወራት ማለት ስለሆነ በቦታው «የብርድ ወራት» ተብሏል። ሰዓቶች የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በዩታ የአካባቢ ሰዓት መሠረት ነው፤ ዓመተ ምሕረቶች ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

3. የቦታው ጠባይ

የሊትል ኮተንውድ ሸለቆ ከሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። በጥንቱ የበረዶ ዘመን ከላይ የወረደ ግዙፍ የግግር ወንዝ ጠርቦት ስላለፈ ወለሉ ሰፊ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። በአፉ አካባቢ የተፈለጠው ግራናይት መሰል ድንጋይ በከተማይቱ መካከል የሚታየው የሞርሞን ቤተ መቅደስ ታንጾበታል። በሸለቆው ራስ ላይ ያለችው አልታ በ19ኛው መቶ ዘመን የብር ማዕድን መንደር ነበረች፤ በዚያን ጊዜም የበረዶ ናዳ ደጋግሞ ነዋሪዎቿን ገድሏል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ባልደረባ የነበረው ሞንቲ አትዋተር ናዳን በዘዴ የመከታተልና የመቆጣጠር ሥራውን ያካሄደው እዚያው አልታ ላይ ነው። በአልታ በአንድ የብርድ ወራት የሚረግፈው በረዶ በአማካይ ከ12 ሜትር በላይ ነው።

ሸለቆው ከሞላ ጎደል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። ይህ አቀማመጥ ለዕቅዱ ወሳኝ ነው። የሰሜኑ ግድግዳ ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ወደ ፀሐይ፣ ያደረገ ሲሆን ቁጥር 210 የተባለው የግዛቱ መንገድ ከሥሩ ያልፋል። በደቡቡ ግድግዳ ደግሞ ሬድ ፓይን፣ ዋይት ፓይንና ሜይበርድ የተባሉ ትንንሽ ሸለቆዎች ወደ ሰሜን ይወርዳሉ። ፋይፈርሆርን 3,452 ሜትር ከፍታ ያለው ሾጣጣ ጫፍ ሲሆን ከእነዚህ ሸለቆዎች ራስ ላይ ይቆማል። አካባቢው በ1978 በሕግ የተከለለው የሎን ፒክ ጥብቅ ምድረ በዳ አካል ነው።

የተለመደው መንገድ በ2,340 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የዋይት ፓይን መኪና ማቆሚያ ይነሣል። ወደ ሬድ ፓይን ሐይቅ ይዘልቃል፤ ሐይቁ 2,930 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከሐይቁ በላይ ያለውን ወደ ሰሜን የሚያይ ተዳፋት ወጥቶ ከሸንተረሩ ይደርሳል። ከዚያ ቀጭኑን ሸንተረር ይዞ ወደ ምዕራብ ይጓዝና በመጨረሻ 150 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደረገውን ቀጥ ያለ ተዳፋት ይወጣል። የአንድ ወገን ርቀቱ ወደ 7 ኪሎ ሜትር፣ የከፍታው ልዩነት ወደ 1,110 ሜትር ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይወጣል። ተጓዡ በአንድ ቀን ሦስት አቅጣጫ ያላቸውን ተዳፋቶች ያገኛል፦ መኪናውን ሲያቆምና ሲመለስ ከመንገዱ በላይ ያለውን ደቡብ ተመልካች፣ በአብዛኛው ጉዞ ሰሜን ተመልካቹን፣ በመጨረሻ ምሥራቅ ተመልካቹን። ፀሐይ ለሦስቱም የምትደርሰው በተለያየ ሰዓት ነው።

4. ሌሊቱ የሚሠራው፣ ቀኑ የሚያፈርሰው

ውሃ ያቋጠረ የጸደይ በረዶ ሌሊት መልሶ የሚጠጥረው በዋነኛነት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚጨምር ነው። ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ በረዶ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 315 ዋት የሚጠጋ የማይታይ ጨረር ይለቃል። ሰማዩ ጥርት ያለና ደረቅ ከሆነ የሚመለስለት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ በረዶው ይከስራል፤ ኪሳራውም ውሃውን ያረጋዋል። ሰማዩ ከደመነ ግን ደመናው ከሞላ ጎደል የወጣውን ያህል ይመልሳል፤ በረዶውም እንደላላ ያድራል። ይህ ለኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሰማይ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት ውርጭ ሰብል የሚያቃጥለው፣ ደመና ባለበት ሌሊት የሚተወው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ «ሌሊቱ ስንት ዲግሪ ነበር?» ከሚለው ጥያቄ እኩል «ሰማዩ እንዴት አደረ?» የሚለው ጥያቄ መነሣት አለበት።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። የተጣራው የሌሊት ኪሳራ በካሬ ሜትር 80 ዋት ነው፣ ሌሊቱም 8 ሰዓት ሠርቷል እንበል። ይህ 2.3 ሜጋጁል ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ሲረጋ 334 ኪሎጁል ስለሚለቅ፣ የረጋው ውሃ በካሬ ሜትር 7 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በረዶው ከይዘቱ በመቶ 5 እጅ ውሃ ከነበረው፣ 14 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቅርፊት ተሠርቷል ማለት ነው። ይህ ሰውን ይሸከማል።

አሁን ቀኑን እንይ። ያረጀ የጸደይ በረዶ ካረፈበት ብርሃን ወደ 60 በመቶ የሚሆነውን ያንጸባርቃል፤ አዲስ በረዶ ግን ከ80 በመቶ በላይ ይመልሳል። ከጠዋት ፀሐይ ጋር ትይዩ የሆነ ምሥራቅ ተመልካች ተዳፋት በካሬ ሜትር 690 ዋት ቀጥተኛ ጨረር ቢያገኝ፣ 276 ዋት ያህል ይውጣል። ከዚህ ላይ ወደ ሰማይ የሚሄደው 80 ዋት ሲቀነስ ከ190 ዋት በላይ ለማቅለጥ ይቀራል። በዚህ መጠን ሌሊቱ በ8 ሰዓት የሠራው ቅርፊት ከሦስት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይፈርሳል። በተግባር ደግሞ ቅርፊቱ ጥንካሬውን የሚያጣው ሙሉ በሙሉ ከመቅለጡ አስቀድሞ ነው፤ የበረዶ ቅንጣቶቹን የሚያያይዘው ድልድይ ቀድሞ ይላላልና።

5. ፀሐይ በሦስት ተዳፋቶች ላይ

ቀጥተኛ ጨረር በተዳፋት ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የሚወሰነው ጨረሩ ተዳፋቱን በሚመታበት አንግል ነው። ጨረሩ ቀጥ ብሎ ቢመታ ሙሉው፣ ማለትም 1.00፣ ይደርሳል፤ እየተጋደመ በሄደ ቁጥር ድርሻው ያንሳል። ሸለቆው በሰሜን ኬክሮስ 40.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። ለጸደይ እኩሌታ ቀን፣ ለማርች 20 አካባቢ፣ ሲሰላ ድርሻዎቹ የሚከተሉት ናቸው። ምሥራቅ ተመልካቹ 40 ዲግሪ፣ ደቡብና ሰሜን ተመልካቾቹ 35 ዲግሪ ያዘነበሉ ተደርገዋል።

ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ፦ ምሥራቅ 0.77፣ ደቡብ 0.26፣ ሰሜን 0.06።
ከሦስት ሰዓት በኋላ፦ ምሥራቅ 0.87፣ ደቡብ 0.70፣ ሰሜን 0.18።
ፀሐይ እኩለ ሰማይ ላይ ስትሆን፦ ምሥራቅ 0.58፣ ደቡብ 1.00፣ ሰሜን 0.25።

በዚያ ሰሞን በሸለቆው ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ እኩለ ሰማይ የምትደርሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የቀትሩ መዘግየት የመጣው የአካባቢው ሰዓት በዚያ ወቅት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚገፋና ሸለቆው ከሰዓት ቀጠናው መካከለኛ መስመር በስተ ምዕራብ ስለሚገኝ ነው። ምሥራቅ ተመልካቹ ተዳፋት ከፍተኛውን ድርሻ የሚያገኘው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው።

ቁጥሮቹ ሦስት ነገር ይናገራሉ። አንደኛ፣ ፀሐይ ገና በወጣች በሰዓቱ ምሥራቅ ተመልካቹ ከሰሜን ተመልካቹ ከአሥር እጥፍ በላይ ድርሻ ይቀበላል። እርግጥ ነው በዚያን ጊዜ ጨረሩ ረጅም አየር ሰንጥቆ ስለሚመጣ ኃይሉ ገና ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን በፍጥነት ይጨምራል። ሁለተኛ፣ በሰሜን ተመልካቹ የሬድ ፓይን ሸለቆ ውስጥ የሚሄድ ሰው በዙሪያው ያለው በረዶ ጠጣር ሆኖ ስለሚያገኘው ከላይ ያለው ሁሉ እንደዚያው ይመስለዋል። እግሩ የሚነግረው ነገር ስለ መጨረሻው ተዳፋት ምንም አያስረዳም። ሦስተኛ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከመንገዱ በላይ ያሉት ደቡብ ተመልካቾች ሙሉውን ጨረር ይቀበላሉ፤ ወደ መኪናው የዘገየ ሰው ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ስሌቱ የራሱ ወሰን አለው። የጎረቤት ሸንተረር ጥላን፣ የደመናን ብትን ብርሃንና የነፋስን ማቀዝቀዝ አያካትትም። ስለዚህ የትኛው ተዳፋት መቼ እንደሚቀድም ቅደም ተከተሉን ያሳያል እንጂ ናዳ የሚወርድበትን ደቂቃ አይነግርም። ለዕቅድ የሚያስፈልገው ግን ቅደም ተከተሉ ነው።

6. የእግር ሰዓት

የጉዞ ጊዜን ለመገመት ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 ያቀረበው ደንብ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይሰጣል። በዚህ ደንብ እስከ ጫፍ 3 ሰዓት ከሩብ ይበቃል። ስዊሳዊው ቨርነር ሙንተር ያስለመደው ስሌት ደግሞ ኪሎ ሜትሩንና የከፍታውን መቶ ሜትሮች ደምሮ ለሽቅብ እግረኛ ለ4 ያካፍላል። 7 ሲደመር 11.1፣ ለ4 ሲካፈል፣ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት 1 ሰዓት ከሩብ ነው።

የኔይስሚዝ ደንብ ለደረቅ መንገድ የተሠራ ስለሆነ በበረዶ ላይ ለሚደረግ ጉዞ የሁለተኛው ግምት ይመረጣል። እሱም ቢሆን የሚሠራው በረዶው እግር ሲሸከም ብቻ ነው። ተጓዡ እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥ ከሆነ አካፋዩ ወደ 2 ዝቅ ይላል፤ ጉዞውም 9 ሰዓት ይሆናል። ይህ ድካምን የሚመለከት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እግር የማይሸከም በረዶ ሌሊት አልጠጠረም ማለት ስለሆነ፣ የጉዞውን መዘግየትና የተዳፋቱን አደጋ የፈጠረው አንድ ምክንያት ነው። ሁለቱ አብረው ይመጣሉ።

7. ወደ ኋላ መቁጠር

አሁን ሁለቱን ስሌቶች ማገናኘት ይቻላል። ምሥራቅ ተመልካቹ ከ4 ሰዓት ከ20 በፊት እየሞቀ የሚሄድ በመሆኑ፣ ተጓዡ ወጥቶ ወርዶ ከግርጌው የሚርቅበት የመጨረሻ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ይሁን፤ ይህ ፀሐይ ከወጣች ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በብረት ጥርስ ጫማና በበረዶ መጥረቢያ 150 ሜትሩን ለመውጣት አንድ ሰዓት፣ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ይያዝለት። እንግዲህ ተዳፋቱን መጀመር ያለበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው።

ከመነሻው እስከ ተዳፋቱ ግርጌ በሙንተር ስሌት 4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ለዕረፍትና ለትጥቅ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር፣ ከመኪና ማቆሚያው መነሣት ያለበት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ሬድ ፓይን ሐይቅ የሚደርሰው 12 ሰዓት ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ነው። ከተዳፋቱ ግርጌ ተነሥቶ ወደ መኪናው ለመመለስ ደግሞ አካፋዩ ለቁልቁለት 6 ስለሚሆን 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ደቡብ ተመልካቾቹ ሙሉውን ጨረር ከመቀበላቸው በፊት፣ ይደርሳል።

ይህን ከተለመደው አነሣስ ጋር ማነጻጸር ይገባል። ብርሃን ሲሆን፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የተነሣ ሰው በዚያው ፍጥነትና በዚያው ዕረፍት ከመጨረሻው ተዳፋት ግርጌ የሚደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ5 ገደማ ነው። ተዳፋቱ ከፍተኛ ድርሻውን ከተቀበለ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ የሌሊቱ ቅርፊትም በቀደመው ምሳሌ መሠረት ፈርሷል። ሰውየው ጠንካራ ቢሆን፣ ትጥቁ የተሟላ ቢሆን፣ አየሩ ብሩህ ቢሆን ይህ አይለወጥም። እንዲያውም ብሩህነቱ ነው አደጋው።

ወደ ኋላ የተቆጠረ ዕቅድ ሌላ ጥቅም አለው፤ የመመለሻ ሰዓቱን ከጫፉ ላይ አንሥቶ በመንገዱ ሁሉ ያሰፍረዋል። 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ መድረስ ከነበረበት፣ 1 ሰዓት ላይ የደረሰ ቡድን የሚቀረው አንድ ውሳኔ ብቻ ነው። ጫፉ ገና ስለማይታይና ብዙ ድካም ስላልተከፈለ ያ ውሳኔ በዚያ ቦታ ቀላል ነው። ከጫፉ 100 ሜትር በታች ቆሞ የሚወሰነው ግን ከባድ ነው።

8. ሰዓት የማይፈታው አደጋ

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚመለከተው እርጥብ በረዶን ነው። የጸደይ መባቻ ግን በዋሳች ተራሮች ገና ከባድ በረዶ የሚረግፍበት ጊዜ ነው። አዲስ በረዶ ከወረደ፣ ወይም ነፋስ ከሸንተረሩ አንዱ ወገን አንሥቶ በሌላው ወገን ከከመረው፣ ደረቅ የንጣፍ ናዳ ይከተላል። ይህ ናዳ ማለዳን አያከብርም። ሌሊቱ ቀዝቃዛ መሆኑም አያድነውም፤ ደካማው ሽፋን ከስር ተቀብሮ ይቆያልና። በንጣፍ ናዳ ከተያዙት ሰዎች እጅግ አብዛኞቹ ናዳውን የቀሰቀሱት ራሳቸው ወይም ባልንጀሮቻቸው ናቸው። ናዳ በብዛት የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው፤ የመጨረሻው 150 ሜትርና ከሐይቁ በላይ ያለው አቀበት ደግሞ ይህን ወሰን ይነካሉ።

ስለዚህ የጊዜ ዕቅዱ የሚሠራው አስቀድሞ ሌሎች በሮች ከተከፈቱ ብቻ ነው። የመጀመሪያው በር በ1980 የተቋቋመው የዩታ የበረዶ ናዳ ማዕከል የሚያወጣው ዕለታዊ መግለጫ ነው። አደጋው በአምስት ደረጃዎች ይነገራል፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ አሳሳቢ፣ ከፍተኛና እጅግ ከፍተኛ። ሦስተኛው ደረጃ በቁጥር መካከል ላይ ስለሆነ መካከለኛ አደጋ ይመስላል። ይሁን እንጂ ደረጃዎቹ እኩል አይራመዱም፤ በሦስተኛው ላይ ሰው ናዳን ለመቀስቀሱ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሁለተኛው በር ባለፉት ሁለት ቀናት የረገፈው በረዶና የነፈሰው ነፋስ ነው። ሦስተኛው የሌሊቱ ሰማይ ነው። አራተኛው መንገዱ ነው፤ የቁጥር 210 መንገድ ለናዳ ቁጥጥር ሲዘጋ መነሻው ራሱ ይቀራል፣ የዘገየ መነሻም በሰባተኛው ክፍል እንደታየው ዕቅዱን ያፈርሳል። ከአራቱ አንዱ ቢዘጋ ጉዞው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። አንዱ በር ሰፊ ሆኖ መከፈቱ የሌላውን መዘጋት አያካክስም።

9. ስለ ቡድኑ

ኢያን ማካሞን በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የደረሱ ከ700 በላይ የናዳ አደጋዎችን መርምሮ፣ ሠልጥነው አደጋውን የሚያውቁ ሰዎችም ጭምር ግልጽ ምልክቶች እያዩ እንደገቡበት አሳይቷል። ካስቀመጣቸው ወጥመዶች መካከል ቦታውን መልመድ፣ የተጀመረን ለመጨረስ መቸኮል፣ ለዐዋቂው መሪ ማደርና ሌሎች ሰዎች ባሉበት መድፈር ይገኛሉ። የኋለኛው ለሊትል ኮተንውድ በተለይ ይሠራል፤ ሸለቆው ለትልቅ ከተማ ቅርብ ስለሆነ በሬድ ፓይን መንገድ ላይ የሰው ዱካ አይታጣም። ዱካ ግን የሚናገረው አንድ ሰው በዚያ ማለፉን ብቻ ነው፤ በስንት ሰዓት እንዳለፈና በረዶው ያኔ እንዴት እንደነበር አይናገርም።

ለዐዋቂ ማደር ደግሞ ታላቅን ማክበር ጠንካራ ልማድ በሆነበት ኅብረተሰብ ያደጉ ተጓዦች ልብ ሊሉት የሚገባ ነው። በታላቅ ፊት ዝም ማለት በሌላ ቦታ ጨዋነት ነው፤ በተዳፋት ላይ ግን የአንዱን ዓይን ለሁሉም ብቸኛ ዓይን ያደርገዋል። መድኃኒቱ የመመለሻ ሰዓቶቹን ከመነሣት በፊት፣ በሞቀ ቤት፣ በጽሑፍ መስማማት ነው። የተጻፈ ሰዓት ሲደርስ «እንመለስ» የሚለው ታናሹ ሳይሆን ወረቀቱ ይሆናል፤ ማንም ማንንም አልደፈረም። አስፈላጊው ትጥቅም በዚሁ መንፈስ ይታያል። እያንዳንዱ ሰው የምልክት ማስተላለፊያና መቀበያ መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይይዛል፤ አንዱ የያዘው ሌላውን አያድንም፣ የተቀበረው የያዘው እሱ ሊሆን ይችላልና። አደገኛው ተዳፋት አንድ በአንድ ይታለፋል፤ ሌሎቹ ከናዳው መንገድ ውጭ ቆመው ይመለከታሉ።

10. መደምደሚያ

በፋይፈርሆርን መንገድ ላይ መጨረሻ የሚደረስበት ተዳፋት መጀመሪያ የሚሞቅ ነው። ይህ ተቃርኖ ከእግር ፍጥነት ብቻ በሚነሣ ዕቅድ ውስጥ አይታይም፤ ከፀሐይ ወደ ኋላ ሲቆጠር ግን የመነሻውን ሰዓት ራሱ ይወስናል። ዘዴው ለሌሎች ሸለቆዎችም ይሠራል፦ በመንገዱ ላይ ያሉትን ተዳፋቶች በአቅጣጫቸው መለየት፣ እያንዳንዱ ጨረር የሚቀበልበትን ሰዓት ማስላት፣ ከጠባቡ ሰዓት ተነሥቶ ወደ መነሻው መቁጠር፣ በመካከሉ የመመለሻ ነጥቦችን መትከል። ወቅቱ በገፋ ቁጥር ስሌቱ ይለወጣል። በኤፕሪል 20 አካባቢ 35 ዲግሪ ያዘነበለ ሰሜን ተመልካች እንኳ በቀትር ወደ 0.44 የሚጠጋ ድርሻ ይቀበላል፤ በማርች ጥላ የነበረው መመለሻ በኤፕሪል ጥላ መሆኑ ያበቃል። በመሆኑም ባለፈው ወር የሠራ የሰዓት ሰሌዳ ለዚህ ወር እንደገና ይሰላል።

ስሌቱ አንዳንዴ «ዛሬ አይሆንም» የሚል መልስ ይሰጣል። የመነሻው ሰዓት ቡድኑ ሊነሣ ከሚችልበት ሰዓት ቀድሞ ከተገኘ፣ ዕቅዱ አልከሸፈም፤ ሥራውን ሠርቷል።